አማቷ ሐሙስ ሐሙስ የሚዘጉት በር

ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ታክሲ ግን በሰፈሩ ዝር አላለም። ነዳጅ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከዚህ ከከተማው ዳር እስከ ትምህርት ቤቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ስለሆነ በእግር የሚደረስበት አይደለም።

ተፈታኟ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ስትቆጥር ከርማለች። ዛሬ ከቀረች ሌላ ዓመት ትጠብቃለች። ከትምህርት ቤት ስለ ልጆቿ የሚላከውን ደብዳቤ በጎረቤት ማስነበብ አንገፍግፏታል፤ ጎረቤቷ መጀመሪያ ለራሷ አንብባ፣ ከንፈሯን መጥጣ፣ ከዚያ ነው የምትነግራት።

ከመንገድ ሮጣ ተመለሰችና ግቢው ውስጥ ዘፍ ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

«ምን ሆነሻል?» አሉ አማቷ ከበረንዳው።

«አለቀልኝ እማማ! መኪና የለም።»

«ታዲያ መኪና ጠፋ ተብሎ ይለቀሳል? ተነሺ!»

አማቷ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ተነስተው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። የሟቹ ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስላለ፣ ምራታቸው «ያልቅሱ፣ ይውጣላቸው» እያለች ልጆቹን ዝም ታሰኛለች።

በሩ ተከፈተ። አማቷ ብስክሌቱን እየገፉ ወጡ። ጎማው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ሰንሰለቱ በዘይት ያበራል። ምራቲቱ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ማን ነው የነፋው?»

«እኔ ነኛ።»

«እና ሐሙስ ሐሙስ የሚያለቅሱት?»

«ማን አለቀሰ? ሰንሰለት ስቀባ ነው።»

«የአባባን ብስክሌት?»

«የማንን? እሱ መች መንዳት ይችልና! ሁለቴ ሞክሮ ሁለቴም ከአጥር ላይ ነው ያነሳነው። የኔ ነው። ሳላገባ በፊት የመድኃኒት ቤት ተላላኪ ነበርኩ፤ ከተማውን ያዳረስኩት በዚህ ነው። ሳገባ አማቴ ‹ሙሽራ በሁለት ጎማ!› ብላ ጮኸች፤ ተሰቀለ። አሁን እኔም አማት ሆኛለሁ። ከኋላዬ ውጪ ብያለሁ!»

ወጣች። የኋላው መቀመጫ ላይ ተቀምጣ የአማቷን ወገብ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

«ብንወድቅ ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል?»

«አባታቸው። አትወዛወዢ፣ መሪው ይስታል።»

«ጉልበቴን ያመኛል ሲሉ አልነበር እንዴ?»

«መራመድ ነው የሚያመኝ!»

ቁልቁለቱን ሲይዙ ጆሮዋ ላይ ነፋሱ ፉጨት ሆነ። ዓይኗን ስትገልጥ ማደያው ጋ ደርሰዋል። መኪናው እስከ ድልድዩ ድረስ ተሰልፏል፤ ሹፌሮቹ ወርደው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ያቺ ደብዳቤ አንባቢ ጎረቤቷ ከባሏ መኪና መስኮት አንገቷን አወጣች።

«ኧረ በሕግ! እትዬ፣ ምን ነካዎት?»

«ነዳጅ የማይጠጣ መኪና አገኘሁ! ጭስ እንኳ የለው!» አሉ አማቷ፤ ደወሉን አቃጭለው አለፏት።

ዳገቱ ላይ ምራቲቱ ወርዳ ከኋላ ገፋች። አማቷ ግን አልወረዱም።

የትምህርት ቤቱ በር ሊዘጋ አንድ መዝጊያ ብቻ ቀርቶታል። አማቷ ፍሬን የሚባል ነገር ትዝም አላላቸውም፤ በቀረችው ክፍተት ገብተው ግቢው መሃል ቆሙ። ዘበኛው ዱላውን ጣለ። ከሃያ ሁለት ተማሪ የመጣው ስምንት ብቻ ነው።

መምህሩ ወረቀቱን ሰጣት። እርሳሱን አነሳች። አንድ መስመር ጻፈች፤ ፊደሎቹ ኮረኮንች ላይ የተጻፉ ይመስላሉ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት መምህሩ ቀስ ብሎ።

«አማቴ፣» አለች። በአገጯ ወደ ውጭ አመለከተች።

መምህሩ ቀና ብሎ በመስኮቱ ሲያይ የያዘው ጠመኔ ከእጁ ወደቀ። እሷም አንገቷን አሰገገች። አማቷ ግቢውን እየዞሩ ነው፤ ሁለቱንም እጃቸውን ከመሪው ለቀው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ።

«ጌታዬ!» አለችና ፊቷን አዞረች። እሳቸውን ማየቷን ካልተወች ዛሬ ፈተና የለም። በግራ እጇ ቀኝ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ሁለተኛውን ጥያቄ ማንበብ ጀመረች።