የፍራሹ ምስክርነት

ወገቡን የታመመ ፍራሽ ሰሪ መሳቂያ ነው። ይሄኛው ደግሞ ይባስ ብሎ ጥፋቱን በገዛ ፍራሹ ላይ ማሳበብ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነበር። የምታክመው ሐኪም «ስኳርህ ነው ወገብህን የሚጎዳው፤ ጣፋጭ ተው» ብላዋለች። ለሚስቱ የነገራት ግን «ጣፋጭማ ድሮ ትቻለሁ፤ የቤታችን ፍራሽ ነው» ብሎ ነው።

ሚስቱ አመነችው። አንድ ጠዋት ፍራሹን አሸክማ ሱቁ ድረስ መጣች።

«ዛሬ ተቀዶ ይታያል» አለች።

ወዲያው የአንድ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሆነች ሴትዮ ገባች። ሃያ ፍራሽ ልታዝ ነው፤ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ሥራ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወገቡን የሰበረው ፍራሽ ነው» አለች ሚስቱ፣ ክፋት ሳታስብ።

ሴትዮዋ ጠረጴዛ ተደግፎ የጎበጠውን ሰውዬ አየች። «ማን ሠራው?»

«እሱ ራሱ።»

«እንግዲያው ደህና ዋሉ።»

«እትዬ፣ ይቆዩ! ፍራሹ ምንም አላጠፋም!»

«ታዲያ ቅደደዋ» አለች ሚስቱ።

«አይቀደድም።»

«ምን ቀብረህበት ነው?»

ሴትዮዋ አንድ እግሯን ወደ ደጅ አውጥታለች። ፍራሽ ሰሪው ምላጩን አነሳና የራስጌውን ስፌት ተረተረው። የከረሜላ ወረቀት ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

«አንተ ሰውዬ! ሲንኮሻኮሽ አይጥ መስሎኝ ወጥመድ የገዛሁት!»

«አውቃለሁ።»

«በር ቀረጠፈኝ ያልከው ጣትህስ?»

«ወጥመዱ ነው።»

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት፤ እግሯንም መለሰች። እሱም ሁለት ቁራጭ ስፖንጅ አነሳ፣ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የደረቀ።

«በጀርባ አጥንት መሃል መሃል እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ዲስክ ይሉታል። ምግቡን የሚያገኘው አጠገቡ ካሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ስኳር ሲበዛ እነሱ ይጎዳሉ፤ ይሄም ውሃው እያለቀ ይጠወልጋል።» የደረቀውን ሲጫነው ፍርክስክስ አለ። «ዕድሜና ሸክምም አለበት፤ ስኳሩ ግን ያፋጥነዋል ብላኛለች ሐኪሟ። እኔ ነኝ እንጂ ፍራሹ ደህና ነው።»

ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ ተጋደመች፤ ተገላበጠች።

«እውነትም ደህና ነው። ሃያውን ሥራ። የመጨረሻውን ስፌት ግን እህቴ አንቺ ስፊልኝ፤ እንግዶቼ ከረሜላ ላይ እንዳይተኙብኝ።»

ሚስቱ ትልቁን መርፌ ይዛለች። «ከእኛው ልጀምር» ብላ ክንዷን እስከ ብብቷ ስፖንጁ ውስጥ ከተተች። አንድ ያልተላጠ ከረሜላ አወጣች።

ፍራሽ ሰሪው ቀና ብሎ ጣሪያውን ለማየት ሞከረ። ወገቡ አልፈቀደለትም።