ለራሱ ኢሜይል የሚልክ ላፕቶፕ

ናጅዋ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባሉ መንደሮች እየዞረች የአዛውንቶችን የአርጎብኛ ንግግር ትቀዳለች። የቀዳችው ሁሉ ላፕቶፗ ላይ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ሙሉቀን፣ ፋይሎቹን በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም ሠርቶላታል። ፕሮግራሙ ምንም ስለማይላት ደህና ነው ብላ ተቀምጣለች።

ሙቀቱ ሲበረታ ላፕቶፑ በራሱ መጥፋት ጀመረና ሙሉቀን ሱቅ ወሰደችው። እሱም ማሽኑ ስለራሱ የሚመዘግበውን ሲያይ፣ በየቀኑ የተደጋገመ አንድ መስመር አገኘ።

"ምን ይላል?" አለችው።

"'ኢሜይል የሚያደርስ ስለሌለ መልእክቱ ተጥሏል' ይላል። መገልበጫው ችግር ሲገጥመውም ሲጨርስም ኢሜይል ይጽፍልሻል፤ የሚያደርስለት ፕሮግራም ግን አልተጫነም።"

"ኔትወርክ ሳይኖርስ እንዴት ይደርሳል?"

"ከዚሁ ለዚሁ ነው፤ ከላፕቶፑ አይወጣም።"

በስልኩ ኢንተርኔት አንድ ቀላል ፕሮግራም አውርዶ ጫነ። ወደ ውጭ እንዳይልክ ዘጋው፤ የሚመጣው ሁሉ በናጅዋ ስም በተከፈተ ፋይል እንዲገባ አደረገ። ለሙከራ "ሰላም ናጅዋ" ብሎ ላከ። ደረሰ። ከዚያ መገልበጫውን አስነሳው። ወዲያው ሌላ ኢሜይል ገባ፦ ዲስኩ ሞልቷል፤ ምንም አልተገለበጠም።

ዲስኩን ከፈቱት። የመጨረሻው ፋይል ከረመዳን በፊት የገባ ነው። ናጅዋ ከአዛውንቶቹ አንዱን፣ ሼህ ያሕያን፣ የቀዳቻቸው ከዒድ በኋላ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ባለፈው ወር አልፈዋል።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ድምፃቸው ያለው እዚህ ማሽን ላይ ብቻ ነው ማለት ነው?"

"አዎ።"

"በል ቶሎ በል፣ ሙሉቀን።"

ዲስኩ ላይ ቦታ ይዘው የነበሩ የሠርግ ቪዲዮዎችን ወደ ሱቁ ኮምፒውተር አዛውረው መገልበጫውን እንደገና አስነሱ። ቬንትሌተሩን ወደ ላፕቶፑ አዞሩ። መሀል ላይ አንዴ ጠፋባቸው፤ አቀዝቅዘው እንደገና አስነሱት። አሥር ሰዓት ገደማ ሦስተኛው ኢሜይል መጣ፦ ተጠናቋል።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ናጅዋ።

በቀጣዩ ሳምንት ላፕቶፑ ጨርሶ አልነሳም አለ። ሙሉቀን ፈታትቶ አይቶ ተስፋ እንደሌለው ነገራት።

ናጅዋ የሼህ ያሕያን ድምፅ ከዲስኩ ስልኳ ላይ ጭና፣ በባጃጅ ልጃቸው ጣይባ ዘንድ ሄደች። ጣይባ በሩ ላይ እንደቆመች አዳመጠች። አባቷ በማሽላ ማሳ ውስጥ የሚበቅሉትን አረሞች አንድ በአንድ በአርጎብኛ ይጠራሉ፤ አንዱ ስም ሲጠፋባቸው ይስቃሉ።

"እኛን እኮ በአማርኛ ብቻ ነበር የሚያናግሩን" አለች። "ይሄን ሁሉ ያውቁ ኖሯል?"

ከዚያ እጇን ዘረጋች። ናጅዋ ስልኩን ሰጠቻት።