ምላጭ የማይገባበት ቤት

ዶክተር ተህሚና ስድስት ሳምንት ሙሉ ወረንጦ እንዳልነካ ስታዘኝ፣ ከቤቴ እንድባረር እየፈረደችብኝ መሆኑን አላወቀችም። ከየት ታውቀዋለች? እሷ የቆዳ ሐኪም ናት፤ እኔ ደግሞ የእማማ ጉልናር ልጅ ነኝ።

እማማ ጉልናር አልወለዱኝም። እኛ ወንድ ተብለን ተወልደን ሴት ሆነን የምንኖር ሰዎች፣ የገዛ ቤተሰባችን ሲያባርረን የሚሰበስበን ጉሩ የሚባል አለን። በፓኪስታኗ ሙልታን አሮጌ ሰፈር ያለው የኛ ቤት ጉሩ እሳቸው ናቸው፤ እናትም አዛዥም ማለት ነው። ሰባት ልጆች አሏቸው። በየሠርጉና በየአራስ ቤቱ እየዘፈንን እንመርቃለን፣ የተገኘውን አብረን እንበላለን። በዚያ ቤት ብዙ ነገር ይታለፋል፤ ስድቡም፣ ኩርፊያውም፣ ከሰው ባል ጋር መታየቱም። ምላጭ ግን ደጃፉን አይረግጥም። «ፊቷን የላጨች ልጅ ወንዱን በገዛ እጇ ጠርታ አስገባችው» ይላሉ እማማ። እኛ የምንነቅለው በወረንጦ ነው፣ አንድ በአንድ። አርብ አርብ ረፋድ ላይ ጣሪያው ላይ ወጥተን እማማ ተራ በተራ ጭናቸው ላይ እያስተኙ ይነቅሉልናል። እናት ያባረረችው ሰው በሳምንት አንዴ የሰው ጭን ላይ መተኛት ምን እንደሆነ ለሐኪም አይነገርም። እኔም አልሞከርኩም።

አገጬ ግን ተበላሽቶ ነበር። ሆርሞን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቆዳዬ ለስልሷል፣ ግንባሬ ዳርና ዳር ሸሽቶ የነበረው ፀጉር መለስ ብሏል፣ ለአላህ ምስጋና ይግባው። ፂም ግን መድኃኒት አይሰማም፤ አንዴ ከበቀለ በቀለ ነው። ሲነቀል የተበጠሰው ቆዳው ውስጥ እየተጠማዘዘ ይቀራል፣ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ሲድን ደግሞ ጠቁሮ ነው። ጥቁረቱን ለመሸፈን ከገበያ የገዛሁትን የሚያቀላ ቅባት ስለቀለቅ ከርሜያለሁ። ዶክተሯ ቅባቱን አየችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው።

«ይሄ ቆዳሽን እያሳሳው ነው» አለች። «አሁን ስሚኝ። የሌዘር ተራሽ ደርሷል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መንቀል የለም፤ ሲያድግ በምላጭ ላጪው። ሌዘሩ የሚያቃጥለው ሥሩን ነው። ሥሩን ነቅለሽው ከመጣሽ ምኑን ላቃጥልልሽ? ተራሽን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ያን ተራ ስምንት ወር ጠብቄዋለሁ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ምላጩን ጡት መያዣዬ ውስጥ ወሽቄ ቤት አስገባሁት።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር ከኔ ራቀ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ሳይነሱ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ፤ የምላጩ ድምፅ እንዳይሰማ ባልዲው ላይ ውኃውን እለቅቃለሁ። አንድ ሰው ካሳለ እጄ ይቆማል። ግማሹን ተላጭቼ፣ ግማሹን በሻሽ ሸፍኜ የወጣሁበት ቀን አለ። በዚያ የሰኔ ሙቀት እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ እውላለሁ፤ ለምን ሲሉኝ «ዶክተሯ ፀሐይ ከልክላኛለች» እላለሁ። ይሄስ እውነት ነው። አርብ ሲደርስ ግን ውሸት እፈጥራለሁ፤ አንዴ ጥርሴን ያመኛል፣ አንዴ አገጬ ላይ እባጭ ወጥቷል፣ አንዴ ልብስ ሰፊው ቀጥሮኛል።

«አንቺ ፊሩዛ» አለችኝ እህቴ ዘርታሻ አንድ ቀን ጣሪያው ላይ፣ «አርብ በመጣ ቁጥር የምትጠፊው ባል አግብተሽ ነው እንዴ?»

«ያንቺን ካየሁ በኋላ ባል አስጠልቶኛል።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለችና ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። እማማ ብቻ አልሳቁም፤ ወረንጦውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ። እንዳላየሁ ሆኜ ወረድኩ።

አምስተኛው ሳምንት አልቆ፣ ቀጠሮዬ አምስት ቀን ሲቀረው ኢድ ሆነ። በኢድ ማቀፍ አለ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚህ የሚያመልጥ የለም፤ ጥርስ ያመመውም ያቅፋል። እማማ በቀኝ አቀፉኝ፣ በግራ አቀፉኝ፤ በሦስተኛው ጉንጫቸው ጉንጬ ላይ ቆሞ ቀረ። የተነቀለ ፊት ሳምንት ሙሉ ይለሰልሳል፤ የተላጨ ፊት ገና ቀትር ሳይሆን ይዋጋል። ይሄን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንግዶቹን እስከ ደጃፍ ሸኙ። በሩ ሲዘጋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ማነው ምላጭ ያስያዘሽ?»

«ዶክተሯ ናት፣ እማማ።» የሌዘሩን ነገር እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ስድስት ሳምንት፣ ሥሩ፣ ተራው፣ ሁሉንም። የሰሙኝ አይመስለኝም።

ጭናቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ነይ ተኚ። አሁኑኑ እነቅልልሻለሁ፤ ነገሩ እዚሁ ይሞታል። ከዚህ ቤት ውጭ ማንም አይሰማም።»

ቢጮሁብኝ እችለው ነበር። ቢመቱኝም እችለው ነበር። ይቅር ሲሉኝ ግን አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚያ ይቅርታ ውስጥ የስምንት ወር ጥበቃዬ ሊነቀል ነው። እህቶቼ ሁሉ ቆመው ያዩኛል።

«አይሆንም፣ እማማ።»

በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። የዘርታሻ ማንኪያ ከእጇ ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁት።

«እንግዲያው ጨርቅሽን ሰብስቢ።»

ሰበሰብኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔን ነው። ፊት ለማዳን ብዬ እናት ማጣቴ ነው እያልኩ፣ በእልህ እያለቀስኩ፣ በእልህም ልብሴን እየጠቀጠቅኩ። ወደየት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ስደርስ እማማ ቆመዋል።

«ቆይ» አሉ። «ያቺ ዶክተር ልጄን በምን እንደነጠቀችኝ በጆሮዬ ልስማ። እስከዚያ ኩሽና ትተኛለሽ። ማንም እንዳያናግርሽ።»

አምስቱን ቀን ማንም አላናገረኝም። ዘርታሻ ብቻ የሮቲ ቂጣ ስታቀብለኝ «አንቺ ገገማ» አለችኝ፣ በሹክሹክታ። ደስ አለኝ።

በቀጠሮዬ ቀን እማማ እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነው ከኔ ጋር ሐኪም ቤቱ ገቡ።

«ልጄን ምላጭ ያስያዝሻት አንቺ ነሽ?»

ዶክተር ተህሚና ከወንበሯ ተነሣች። «እኔ ነኝ፣ እናቴ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የሰው ቤት ወግ አለው። ምን አድርጌሽ ነው?»

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ወረቀት አወጣችና የአንድ ፀጉር ሥዕል ሳለች፣ ሥሩ ከታች ቆዳው ውስጥ። «የሌዘሩ መብራት በጥቁሩ ፀጉር ተመርቶ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ፀጉሩ ከተነቀለ መንገድ የለውም። ቆዳዋ ጠይም ስለሆነ እንዳላቃጥላት ቀስ ብዬ ነው የምሠራው። ስምንት አሥር ጊዜ ትመላለሳለች። ከዚያ አብዛኛው አይመለስም።»

«አይመለስም?»

«አይመለስም። እብጠቱም ይጠፋል።»

እማማ ግድግዳው ሥር ቆሙ። እኔ ተኛሁ። እያንዳንዱ ብልጭታ ከመጥበሻ እንደሚፈናጠር ዘይት ነው፤ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ሲያልቅ ዓይኔን ከፈትኩና መነሣት ስጀምር እማማን አየሁ። መሸፈኛቸውን አውልቀዋል። እንዲያ ባለ ብርሃን አገጫቸውን አይቼው አላውቅም። ጠባሳ በጠባሳ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ጎድጉዷል።

«እኔስ?» አሉ። ድምፃቸው የትንሽ ልጅ ነበር።

ዶክተሯ መብራቱን አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየች። «እናቴ፣ የእርስዎ ነጥቷል። ሌዘሩ ነጭ ፀጉር አያይም። በመርፌ አንድ በአንድ የሚያቃጥል አለ፤ እኛ ጋ ግን የለም።»

«ዘግይቻለሁ በያ።»

«እናንተን ያዘገየናችሁ እኛ ሐኪሞቹ ነን» አለች ዶክተሯ።

እማማ ተሸፋፈኑ። ለመመለስ ባለ ሦስት እግር ሪክሻ ያዝን። ልብሴ ኩሽና ይመለስ ወይስ ወደ ክፍሌ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። ጉሩ ልጇን ይቅርታ አትጠይቅም፤ አልጠበቅኩትምም።

«ፊሩዛ» አሉኝ። «ስነቅልሽ ያምሽ ነበር?»

ከእጃቸው ሥር ማንም አያለቅስም። ስንጠየቅ ሁላችንም «ኧረ ምንም» ነው መልሳችን።

«አዎ፣ እማማ» አልኩ። «በጣም ያመኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳያርቁኝ ፈርቼ።»

ሪክሻው ገበያው ጋ በሰው ተይዞ ቆመ። እማማ ወደ ውጭ እያዩ ነበር፤ እጃቸው ግን እጄን ያዘኝ።

«እኔም ለጉሩዬ አልነገርኳትም» አሉ።