ሉል የማያውቅ ጥርስ

የወርቅ ቤቱ ዳኛ ሽማግሌው ነበር። እውነተኛ ሉል በፊት ጥርስ ሲያሹት እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል፤ ከመስታወት የተሠራው ሐሰተኛ ግን ያሟልጫል። እሱም ዕድሜውን ሙሉ መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ተቀምጦ፣ የባሕሩንና የወንዙን ሉል በቅርጹ፣ መስታወቱን ደግሞ በጥርሱ ሲለይ ስለኖረ “ዳኛው” የሚል ስም ወጣለት።

ያ ጥርስ ባለፈው ክረምት ተነቅሎ አለቀ። አሁን አፉ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ነው፤ ሥጋ ያኝካል እንጂ ሉል አያውቅም። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ሉል ሲመጣ “ነገ ተመለሱ” ይልና ቤት ወስዶ ለእሷ ይሰጣታል።

“አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እውጥብሃለሁ!” እያለች በራሷ ጥርስ ታሽለታለች።

ዛሬ የመጣችው ሴት ግን መንገደኛ ናት፤ ነገን አትጠብቅም። የሟች እናቷን ሐብል ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችለት።

“አባባ፣ እናታችን የባሕር ሉል ነው ትለን ነበር። እህቴ ግን ‘መስታወት ነው፤ ስታታልለን ኖራ ሞተች’ አለች። እውነቱን ይንገሩኝ።”

የወርቅ ቤቱ ባለቤት፣ የሽማግሌው የእህት ልጅ፣ ከመዶሻው ቀና አለ። “በሉ ጋሼ፣ ይፍረዱ እንጂ!”

ሽማግሌው ሐብሉን አገላበጠው። ድቡልቡል ነው፤ የወንዙማ የሩዝ ፍሬ ይመስላል። እንግዲህ ወይ የባሕር ነው ወይ መስታወት። በቅዝቃዜው እንዳይለየው የሴትዮዋ አንገት አሙቆታል። አንዱን ፍሬ በጥርሱ አሸ፤ አሟለጨ። ሌላውን አሸ፤ አሟለጨ። የእህቱ ልጅ ዓይኑን አልነቀለም።

“መስታወት ነው” አለ።

ሴትዮዋ ሐብሉን እንደ ጉድፍ በሁለት ጣቷ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው። በሩ ጋ ስትደርስ አንጀቱ አልችል አለው።

“ልጄ፣ ተመለሺ! አንቺው በጥርስሽ እሺው። ቀስ ብለሽ።”

አሸችው። ቆም አለች። “አሸዋ… አሸዋ ይላል።”

“እናትሽ አልዋሸችሽም፤ የባሕር ነው። ሐሰተኛው የእኔ ጥርስ ነው።”

ሴትዮዋ ጉልበቱን ስማ እያለቀሰች ወጣች።

“ከክረምት ወዲህ የመጣውን ሁሉ ታዲያ ማን ለየው?” አለ የእህቱ ልጅ።

“ሚስቴ።”

የእህቱ ልጅ መዶሻውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

“ነገ እትዬን ይዘዋት ይምጡ። እዚያች ወንበር ላይ ትቀመጥ።”

ሽማግሌው “እኔስ?” ሊል አፉን ከፈተ። ጥርሱ ቀጭ አለ። መልሶ ዘጋው።