የዶሮው ፍሪዘር ካርቶን

ሪሀና አምስት የታሸጉ የብረት ቱቦዎችን ላቦራቶሪው ምድጃ ውስጥ ባስገባች በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው በኮቪድ ምክንያት ተዘጋ። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው አሚን የሚባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከፋብሪካ ጭስ የሚይዝ ፈሳሽ ነው። በ135 ዲግሪ ስንት ሰዓት ሳይበላሽ እንደሚቆይ ማወቅ ነበር ሥራዋ። መብራት ገና አንዴ ሲጠፋ ግን ከስልኳ የምትከታተለው ሙቀት መዝጋቢ በዚያው ሞቶ ቀረ። ምድጃው መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሣል፤ ግቢው በሚዘጋበት ሦስት ሳምንት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደጋለ ካልታወቀ ግን ሙከራው ከንቱ ነው። ሌላ ፈሳሽ የለም። ማስተርሱም ለዓመት ሊገፋ ነው።

ደግነቱ ከሀገር ቤት የተሰደደው አባቷ ከቢር ከላቦራቶሪው ማዶ ሱቅ አለው፤ ሁለቱም ቦታ መብራት የሚጠፋውና የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ቀልጦ የቆየ ዶሮ ላለመሸጥ፣ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ካርቶን ላይ ይጽፋል። የሚተኛው ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ ሌሊትም ቢሆን የፍሪዘሩ ድምፅ ሲቋረጥ ይነቃል።

ሪሀና ካርቶኑን ፎቶ አንሥታ ለፕሮፌሰር ድላሚኒ ላከች። ፕሮፌሰሯ በማግስቱ በቪዲዮ ደወሉ።

«አባትሽን አከብራለሁ። ግን የከተማው የመብራት ማጥፊያ ፕሮግራም ሰኞ ከ08፡00 እስከ 10፡30 ይላል፤ ካርቶኑ ከ2፡00 እስከ 4፡30። አንድም ቀን አይገጥምም። በዚህ ውጤት ማውጣት አንችልም።»

ሪሀና መንገዱን ተሻግራ ሱቁ ገባች።

«አባ፣ ሰኞ ሌሊት በ2፡00 ነቅተህ ነበር?»

«የምን ሌሊት? ዳቦ ስረከብ አይደል የጠፋው! ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

«ጠዋት...»

«ትምህርት ቤት ያደረስኩሽ ስንት ሰዓት ነበር? ሁለት ሰዓት! ፊደል ቆጥረሽ ሰዓት ጠፋሽ?»

ሪሀና ማስኳን አውልቃ እስኪያማት ሳቀች። ከአባቷ ጋር ስታወራ የኖረችው በሀገር ቤት ሰዓት ነው፤ ቁጥሩ ተጽፎ ስታየው ግን እንደ ስልኳ አነበበችው። በቀኑ ሰዓት ላይ ስድስት፣ በማታው ላይ ዐሥራ ስምንት ስትደምር ሁሉም ከፕሮግራሙ ጋር ገጠመ። ከአንድ ሐሙስ በቀር። ያን ቀን መብራቱ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ነበር የመጣው።

ያንን የላቦራቶሪው ሕንፃ ዘበኛም መሰከረ። «አባትሽ ፕሮግራሙ የማያውቀውን ያውቃሉ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ተቀብያለሁ። ዋናውን ካርቶን ግን አስቀምጪልኝ።»

ላቦራቶሪው ሲከፈት ፈሳሹ ሻይ መስሎ ወጣ፤ ሲለካ ግን አብዛኛው ደኅና ነበር። ሪሀና ካርቶኑን ልትወስድ ስትመጣ ከቢር በሁለት እጁ ያዘው።

«አልሰጥም! ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ምን ላይ ልጽፍ ነው?»

«በማን ስምንት ሰዓት፣ አባ?»