ባሌ የሚጨልጠው ሾርባ

ባሌ ኪንጂ የእኔን ሾርባ ጨልጦ አያውቅም። ከተጋባን ጀምሮ ከጎድጓዳ ሳህኑ ሥር ሁልጊዜ ትንሽ ይተዋል። ምን ሆነብህ ስለው «ጠገብኩ» ይላል። የጣፈጠው ሰው ሳህኑን አንስቶ ያንጠፈጥፈዋል፤ ስለዚህ ባይናገርም ምን እንዳለኝ ይገባኛል።

ፉሳኖ ቤት ግን ይጨልጣል። ፉሳኖ ባሏ የሞተባት፣ ወደቡ ዳር ራመን የሚሉትን የኑድል ሾርባ የምትሸጥ፣ ከኪንጂ ጋር አብራ ያደገች ሴት ናት። እሱ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ምሳው እሷ ጋ ነው። እኔ የምሠራበት የሙራካሚ ከተማ ዓሣ ገበያ ውስጥ ደግሞ ወሬ አይደበቅም። «ያንቺ ሰውዬ ሳህኑን ሊበላው ምንም አልቀረው» ይሉኛል እየሳቁ። እኔ ሳልሞኑን ጨው ማሸቴን እቀጥላለሁ። ቅናት ጉሮሮ ላይ እንደተሰነቀረ የዓሣ አጥንት ነው፤ አይወርድ፣ አይወጣ።

ባለፈው ጥር፣ የባሕሩ ነፋስ ፊት ሲልጥ፣ መኪናው ፉሳኖ ደጅ ቆሞ አየሁና ገባሁ። ኪንጂ አፉ እንደሞላ ዞረ።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«በረዶው። ላንተ ብቻ ነው እንዴ የሚጥለው?»

ጥግ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ «ኪንጂ፣ ዛሬ ሳህንህን ደብቅ» አለ። ቤቱ ሳቀ።

ፉሳኖ ሳላዝዛት አቀረበችልኝ። እንዲህ ያለ ራመን አይቼ አላውቅም። ሾርባው እንደ ጎርፍ የደፈረሰ፣ ወፍራም፤ የሳልሞን ጭንቅላት ከላይ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ከሩዝ የሚጠመቀው የሳኬ አተላ ሸተተኝ።

«አተላ ነው እንዴ የምታበይው?» አልኳት።

«አተላ ነው። መጀመሪያ ቅመሺ፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

ቀመስኩ። ሙቀቱ እስከ እግሬ ጣት ወረደ። እንዳይጣፍጠኝ ብታገልም አልሆነም። ከአተላው ሥር ግን የማውቀው ነገር መጣ፤ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት አማቴ ያቀረቡልኝ ጥቁር ሚሶ፣ ሾርባ የሚጣፍጥበት የተብላላ የአኩሪ አተር ድቁስ። ሙሽራ የባሏን ቤት ሚሶ ትይዛለች ተብዬ ነበር። እኔ ግን የእናቴን ነጩንና ጣፋጩን ከኪዮቶ እያስመጣሁ ስሠራ ኖርኩ። ዛሬም ጥፋት አልለውም።

«የእማማ ሚሶ ነው» አልኩ።

«ነው» አለች ፉሳኖ። «ሳይሞቱ የሚሶውን ጋን ለእኔ ሰጡኝ። በየዓመቱ አዲሱን ስጥል ከአሮጌው እጨምርበታለሁ።»

«ምራታቸው እያለሁ?»

«‹ካልጠየቀችሽ እንዳትሰጫት፣ ከጠየቀችሽ እንዳትከለክያት› ነው ያሉኝ። ይኸው ስጠብቅሽ።»

ኪንጂን አየሁት። ፊቱን ሳህኑ ውስጥ ቀብሯል። ለካ የሚያመላልሰው የእናቱ እጅ ነው። ይህን ማወቄ ቅናቴን አላበረደውም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ከአንዲት ሴት ጋር ስፎካከር ሁለት ሆኑብኝ፣ አንዷም ሙት። ለሙት ምን ይባላል?

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርሽ ትሠሪው ነበር?»

«አልሠራውም ነበር።»

«ታዲያስ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ፉሳኖ፣ ስጪኝ።»

እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወደ ጓዳ መራችኝ። ጋኑን ከፍታ «ለቅምሻ ያህል ይበቃሻል?» አለች ጭልፋውን ይዛ።

«ግማሹን ነው የምወስደው» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ በረዶ ሲጥል ምሳውን ቤቱ ይበላል።»

ጭልፋውን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ዛቅሁ።