በቲቤሪዩ ሰዓት ላይ

በሮማኒያዋ ክሉዥ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ሠራተኛው ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ቢሮ ይገባል፤ በሌሎቹ ቀናት ከቤቱ ይሠራል።

«እኔ መሪ ነኝ እንጂ ዘበኛ አይደለሁም» ይላል አለቃቸው ሆሪያ። ቢሆንም በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ከየሰው ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ አለች። ማውሱ አምስት ደቂቃ ካልተነቃነቀ ነጥቧ ትደበዝዛለች። ባለፈው ክረምት ነጥቡ የምትደበዝዝበት አንድ ሠራተኛ ከሥራ ተሰናብቷል።

ኢሊንካ ይህን አልረሳችም። ባሏ ቲቤሪዩ በልብ ሕመም ሆስፒታል ሲተኛ ፈቃድ አልጠየቀችም። የእሱን የእጅ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ማውሱን በላዩ አስቀመጠች። የሰከንዷ ዘንግ ከሥሩ ስትዞር የማውሱ መብራት ያያታል፤ እጅ ያንቀሳቀሰው ይመስለዋል። ነጥቧ አረንጓዴ እንደሆነች ትውላለች፤ ኢሊንካ ደግሞ አልጋው አጠገብ።

ረቡዕ ቢሮ ስትገባ የሥራ ባልደረባዋ ስማራንዳ ቀለደችባት።

«አንቺ ሴት፣ የትንሣኤ ሻማ እንዳይጠፋብሽ ይዘሽ ቤትሽ የምትገቢ እኮ ነው የምትመስይው! ያቺ ነጥብ አንድ ቀን እንኳን አትጠፋብሽም?»

«ነፋስ አላገኛትም» አለች ኢሊንካ።

ሐሙስ ጠዋት ቲቤሪዩ እጇን ያዘ። ቀዶ ሕክምናው ለነገ ነው።

«ልገባ ስል እንዲህ ትይዢኛለሽ አይደል?»

«አሁንስ ማንን ይዤ ነው?»

«የነገውን ነው የምልሽ፣ አንቺ ደረቅ።»

«እይዝሃለሁ። በቃ፣ ተኛ።»

ሐኪሞቹ ለጉብኝት ሲመጡ ጠያቂዎች እንዲወጡ ተደረገ። ኢሊንካ ግቢው ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ወደ ላይ ወጣች።

አልጋው ባዶ ነበር። ትራሱ ላይ የጭንቅላቱ ቅርጽ እንዳለ ነው።

«ከቤት እንዴት እንዲህ ፈጥነው ደረሱ?» አለቻት ነርሷ፣ ደንግጣ።

«ከየት ቤት?»

«ድንገት ሕመሙ ጸናባቸው፤ ለቀዶ ሕክምና አስገቧቸው። እርስዎን እየጠሩ ነበር። በየኮሪደሩ ፈለግንዎት፣ ስልክዎ አይሠራም። ወደ ቢሮዎ ብደውል ‹ቤቷ ሆና እየሠራች ነው፣ አሁኑኑ እነግራታለሁ› አሉኝ። እኔም መፈለጌን ተውኩ።»

ኢሊንካ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሮጠች። በሩ እስኪከፈት ቆማ ጠበቀች። ቲቤሪዩ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትገባ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር። የስማራንዳ መልእክት ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ «ኢሊንካዬ፣ ከሆስፒታል ይፈልጉሻል፣ ሩጪ!» ከሥሩ ሆሪያ ጽፏል፤ «እባክሽ ሁሉንም ጥለሽ ሂጂ። ሥራው የትም አይሄድም። ምነው ቀድመሽ ብትነግሪን?»

ማውሱን አነሳች። ሰዓቱ ይሄዳል። ክንዷ ላይ አሰረችው፤ ሰፊ ስለሆነ ወደ ክርኗ ተንሸራተተ።

ከዚያም ኮቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ነጥቧን እያየች አምስቱን ደቂቃ ጠበቀች።